በሥነ ሕይወት ፈተና ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች፦ ከስኳር እስከ ኤፒተልየም

ደሴ ውስጥ የአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን የሰው ሥነ ሕይወት ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ የማያቸው ስህተቶች ከዓመት ዓመት አይለወጡም። ልጆቹ ሰነፎች አይደሉም። የጦሳ ተራራ ብርድ ሲበረታ ጋቢ ተከናንበው እስከ እኩለ ሌሊት ያነባሉ። የሚጎዳቸው ቃሉን ሸምድደው ነገሩን አለማየታቸው ነው።

የመጀመሪያው ስህተት «ካርቦሃይድሬት ሁሉ ጣፋጭ ነው» ማለት ነው። የጤፍ ዱቄት አብዛኛው ክፍሉ ስታርች ነው፤ ቢቀመስ ግን አይጣፍጥም። ስታርች ግሉኮስ የሚባሉ ብዙ ትናንሽ ስኳሮች የተቀጣጠሉበት ረጅም ሰንሰለት ነውና። እዚህ አገር ብቅል ያላየ ተማሪ የለም፤ ከዚያ መነሣት ይሻላል። ገብስ ተዘፍዝፎ ሲበቅል በፍሬው ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥኑ ፕሮቲኖች፣ ስታርቹን እየቆራረጡ ማልቶስ ያደርጉታል፤ ማልቶስ ሁለት ግሉኮሶች የተጣመሩበት ስኳር ነው። ብቅል ሲያኝኩት ጣፈጥ የሚለው ለዚህ ነው። ጠላ የምትጠምቅ እናትም ሆነች የኮምቦልቻው ቢራ ፋብሪካ የሚነሡት ከዚሁ ስኳር ነው። ዳቦ አፍ ውስጥ ሲቆይ የሚጣፍጠውም የምራቃችን ኢንዛይም ያንኑ ሥራ ስለሚሠራ ነው።

ማልቶስን ሲጽፉ የሁለት ግሉኮስ አተሞችን ደምረው 24 ሃይድሮጅንና 12 ኦክስጅን የሚያስቀምጡ አሉ። ሁለቱ ሲጣመሩ አንድ የውሃ ሞለኪውል ይወጣል፤ ስለዚህ 22 ሃይድሮጅንና 11 ኦክስጅን ነው የሚቀረው።

ግላይኮጅንና ግላይኮፕሮቲንን ማምታታት ደግሞ ብዙ ነጥብ ያስጥላል። ግላይኮጅን በጉበትና በጡንቻ የሚከማች የግሉኮስ ስንቅ ነው። ግላይኮፕሮቲን ግን የስኳር ሰንሰለት የተተከለበት ፕሮቲን ነው። ሰንሰለቱ ስንቅ አይደለም። በሕዋሱ ውጫዊ ገጽ ላይ ሲገኝ እንደ መታወቂያ ያገለግላል፤ ተማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ ወደ ሕዋሱ ውስጥ አዙረው ይስሉታል።

ለዚህ ከደም ዓይነት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ኦስትሪያዊው ሳይንቲስት ካርል ላንድስታይነር የደም ዓይነቶችን እ.ኤ.አ. በ1901 ሲለይ፣ ልዩነቱ በአንዲት ስኳር ላይ መሆኑ ገና አልታወቀም ነበር። በቀይ የደም ሕዋስ ላይ ካለው ሰንሰለት ጫፍ ጋላክቶስ ከተጨመረ ቢ ይሆናል፤ ናይትሮጅን የያዘ ቅጥያ ያለው የጋላክቶስ ዘመድ ከተጨመረ ኤ ይሆናል። አንድ ተማሪ «ጋሼ፣ ታዲያ ኦ ስኳር የለውም ማለት ነው?» ብሎኝ ነበር። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ግን አይደለም ነው። መሠረቱ ሰንሰለት ኦ ላይም አለ፤ የጎደለችው የመጨረሻዋ ስኳር ብቻ ናት። ሰንሰለቱ የሚተከለው በፕሮቲን ላይ ብቻ ሳይሆን በስብ ላይም መሆኑን የሚጨምር ተማሪ መምህሩን ያስደስታል።

ወደ ኤፒተልየም፣ ማለትም የሰውነትን ገጽና የውስጥ ክፍሎችን ግድግዳ ወደሚሸፍነው ኅብረሕዋስ፣ ስንሻገር የሕዋሶቹን እምብርቶች (ኒውክለሶችን) ቆጥሮ ድርብርብ (ከአንድ በላይ ንብርብር ያለው) ነው ብሎ መፍረድ ያሳስታል። በትልቁ የአየር ቧንቧ ኒውክለሶቹ ከፍና ዝቅ ብለው ይታያሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሕዋስ ከሥሩ ያለውን ወለል ስለሚነካ ንብርብሩ አንድ ብቻ ነው። እውነተኛውን ድርብርብ የምንሰይመው ደግሞ ከላይኛው ንብርብር ቅርጽ ተነሥተን ነው። በኤፒተልየም ውስጥ የደም ሥር መሳልም ስህተት ነው። ምግቡና ኦክስጅኑ የሚደርሱት ከሥሩ ካለው አያያዥ ኅብረሕዋስ ሰርገው ነው።

ትልቁ ስህተት ግን ሦስቱን ርእሶች፣ ስኳርን፣ ግላይኮፕሮቲንንና ኤፒተልየምን፣ ለየብቻ ማጥናት ይመስለኛል። አንድ ብርጭቆ ወተት ሦስቱንም ያገናኛል። ላክቶስ የወተት ስኳር ነው፤ ላክቴዝ ደግሞ እሱን የሚቆርጠው ኢንዛይም ነው። በ«ኦስ» የሚያልቀውን ስኳር፣ በ«ኤዝ» የሚያልቀውን ኢንዛይም ብላችሁ ያዙት። ላክቴዝ ራሱ ግላይኮፕሮቲን ነው፤ የተተከለውም በትንሹ አንጀት ኤፒተልየም ጥቃቅን ጣቶች ላይ ነው። እነዚህ ጣቶች የመምጠጫ ገጽን ያሰፋሉ እንጂ በአየር ቧንቧ እንዳሉት ጸጉር መሰል አካላት ንፍጥ አይጠርጉም። የአንጀት ኤፒተልየም በተቅማጥ ሲጎዳ ላክቴዙም አብሮ ስለሚቀንስ ወተት ለጊዜው ላይስማማ ይችላል። ያልተቆረጠው ላክቶስ ትልቁ አንጀት ደርሶ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይፈጠራል፤ ሆድም ይነፋል። ፈተና ላይ ይህን «የወተት አለርጂ» ብላችሁ አትጻፉ። አለርጂ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት በወተት ፕሮቲን ላይ ሲነሣ ነው፤ እዚህ ያለው ግን የኢንዛይም ማነስ ነው።