ለጎንደሩ ውርስ ውክልና ከመፈረማችሁ በፊት

በዚህ ወር ብቻ ሦስተኛ ሰው ደወለልኝ። ጥያቄው አንድ ነው። «አባቴ ጎንደር አርፏል፤ ቤት አለው፤ ለማን ውክልና ልላክ?» ሦስቱም ዋሽንግተን ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። አንዴ ልጻፈውና ለሁላችሁም ይድረስ።

መጀመሪያ እዘኑ። አልቅሱ። አርባው እስኪወጣ ምንም አትፈርሙ። ቤቱ በአርባ ቀን የትም አይሄድም። «ቶሎ ካልላካችሁ ይወሰዳል» ብሎ የሚያጣድፋችሁ ሰው ካለ፣ መጠርጠር ያለበት እሱ ነው።

የወራሽነት ማስረጃ የሚሰጠው ፍርድ ቤት ነው። ዕድርም ሽማግሌም አይሰጥም። የሞት ምስክር ወረቀት ይቀርባል፣ ምስክር ይሰማል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ካላችሁ ውክልናውን ኤምባሲ ሄዳችሁ ፈርሙ። አሜሪካ ባንክ ውስጥ ያለው ፊርማ አረጋጋጭ (ኖታሪ) ጠበቃ አይደለም፤ ማህተሙም ብቻውን ጎንደር ላይ አይሠራም። ዋናው ወረቀት አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ይመዘገባል። አንድ ወረቀት ይህን ያህል መስኮት መዞሩ ያበሳጫል። ግን በቴሌግራም የተላከ ፎቶ ውክልና አይሆንም፤ ይህን ስንቴ ልናገር?

አሁን እኔን ያቃጠለኝን ልንገራችሁ። አባቴ ሲያርፍ የአጎቴን ልጅ ወከልኩ። ሌላ ሰው የተጠቀመበትን ጽሑፍ ስሙን ብቻ ቀይሬ ፈረምኩ። በስሜ የሚገባውን አቤቱታ ላየው አልጠየቅሁም። ከወራት በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ የፍርድ ቤቱ ወረቀት በስልኬ መጣ። በጣቴ አጉልቼ አነበብኩት። «ከአመልካቾች በስተቀር ሌላ ወራሽ የለም» ይላል። አመልካቾች እኔና ወንድሜ ነን። አዘዞ ያለችው እህታችን የለችበትም። የሌላ እናት ልጅ ናት። አባታችን አልጋ ላይ በዋለበት ዓመት ያጠበችውም ያጎረሰችውም እሷ ናት።

ለአጎቴ ልጅ ደውዬ ጮህኩበት። «ነገሩ እንዳይንዛዛ ብዬ እኮ ነው» አለኝ።

በሕጉ ልጅ ልጅ ነው። በጋብቻ ተወለደ አልተወለደ እኩል ይወርሳል። እህቴ ማስረጃው ይሰረዝ ብላ አመለከተች፤ እውነቷን ነው። መዝገቡ በስንት ቀጠሮ ተስተካከለ። እሷ ግን በዓል ሲመጣ ስደውልላት ዛሬም «ደህና ነኝ» ብላ ትዘጋለች። ውሸቱ የገባው በእኔ ስም ነው። አለማንበቤ ምክንያት አይሆነኝም።

ስለዚህ አቤቱታው ከመግባቱ በፊት አስልካችሁ እያንዳንዱን ስም አንብቡ። የተረሳ ልጅ ካለ አስጽፉ። «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚለውን ከውክልናው አስወጡ። ማስረጃ ለማውጣት አያስፈልግም። የሚሸጥበት ቀን ከመጣ ለዚያ ልዩ ውክልና ትሰጣላችሁ።

እናታችሁ በሕይወት ካሉ ከጋራ ንብረቱ ግማሹ የራሳቸው ነው። ውርስ የሚባለው የአባታችሁ ድርሻ ነው። ኑዛዜ ከሌለ ሚስት ባሏን በሕግ አትወርስም፤ ስለዚህ የእናታችሁ ግማሽ በቅድሚያ ይለይላቸው። ይህን የሚዘነጋ ልጅ ያሳዝነኛል።

ጠበቃውን ራሳችሁ ያዙ፤ ዘመድ አይያዝላችሁ። ፈቃዱ በአማራ ክልል ፍርድ ቤቶች የሚያቆመው መሆኑን ጠይቁ፤ ክፍያውን በጽሑፍ አድርጉት። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፍላችሁ ሰው ጠበቃ አይደለም። ወራሾች ካልተስማሙ ፍርድ ቤቱ ውርስ አጣሪ እንዲሾም ይጠየቃል። ንብረቱም ዕዳውም ይቆጠራል። አገር ቤት ያለው ወገናችሁ አቅም ከሌለው ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የነጻ የሕግ ድጋፍ አለው፤ እዚያ ይሂድ።

አትቸኩሉ ማለቴ ግን ተኙ ማለት አይደለም። ሌላ ሰው ወራሽ ነኝ ብሎ ውርሱን ከያዘ፣ መብታችሁንና መያዙን ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ የመክሰሻው ጊዜ 3 ዓመት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1000 ላይ አለ። ክረምት ላይ ደግሞ ፍርድ ቤት ለእረፍት ይዘጋል። ከነሐሴ በፊት መዝገብ አስከፍቱ።