በኦንታሪዮ የካቶሊክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፦ ቅጹ፣ ገንዘቡና ድምፁ

በካናዳዋ ኦንታሪዮ ከሕዝብ ትምህርት ቤቶች ጎን የካቶሊክ ትምህርት ቤቶችም የመንግሥት በጀት ያገኛሉ፤ የሚያስተዳድራቸውም የየራሳቸው ቦርድ ነው። ልጅ ስታስመዘግቡ «የየትኛው ቦርድ ደጋፊ ናችሁ?» የሚል ቅጽ ሊሰጣችሁ ይችላል። ብዙ ወላጅ የንብረት ግብሩ የዚያን ቦርድ በጀት የሚያሳድግ መስሎት ይፈርማል። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ግን የትምህርት ግብሩን ልክ የሚያወጣው የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ስለሆነ፣ የትኛውንም ብትመርጡ የምትከፍሉት ያው ነው። የቦርዱን በጀት ከፍና ዝቅ የሚያደርገው በዋናነት የተማሪው ቁጥር ነው።

ቅጹ የሚነካው ድምፃችሁን ነው። በየ4 ዓመቱ፣ በኦክቶበር 4ኛው ሰኞ በሚደረገው የከተማ ምርጫ የምትመርጡት የአንድ ቦርድ ተወካይ (ትረስቲ) ብቻ ነው። ምንም ካልሞላችሁ የእንግሊዝኛው የሕዝብ ቦርድ መራጭ ትሆናላችሁ። ወደ ካቶሊኩ ለመዛወር ራሳችሁ ካቶሊክ መሆን አለባችሁ፤ የልጁ እዚያ መማር አይበቃም፣ ኦርቶዶክስ ወይም ፕሮቴስታንት ወላጅም አይችልም። ቅጹ የሚገባው ንብረት ለሚገምተው ድርጅት፣ ለኤምፓክ ነው፤ ተከራይም ይሞላል። ስህተት ካለ በምርጫ ጣቢያም ማስታረም ይቻላል፣ ግን የድምፅ መስጫ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት ነው።

በአንደኛ ደረጃ የጥምቀት ምስክር ወረቀት ሊጠየቅ ይችላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ግን ልጁ ካቶሊክ አይደለም ተብሎ አይመለስም። ለሕዝብ ሁለተኛ ደረጃ ብቁ የሆነ ተማሪ ከሃይማኖት ትምህርት ነፃ እንዲሆንም ወላጅ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል (18 ዓመት የሞላው ራሱ ይጽፋል)። ደብዳቤው ለቦርዱ ይጻፍ፣ ግልባጩ ለርዕሰ መምህሩ፤ ስም፣ የልደት ቀን፣ ክፍል ይኑረው። ምክንያት መዘርዘር አያስፈልግም። ዋናው ነገር «ከሃይማኖት ትምህርትና ከሃይማኖት መርሐ ግብሮች ሁሉ» ብላችሁ መጻፋችሁ ነው። «ከክፍሉ» ብቻ ካላችሁ፣ ቅዳሴውና የጸሎት ጉባኤው ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል፤ በ2014 አንድ ጉዳይ በዚሁ ሰበብ ፍርድ ቤት ደርሶ ለተማሪው ተፈርዷል። በተለቀቀው ክፍለ ጊዜ ምን እንደሚወስድም ከአማካሪው ጋር ቀድማችሁ ጨርሱ፤ ለዲፕሎማ 30 ክሬዲት ያስፈልጋል።

ለካቶሊክ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው የመንግሥት ገንዘብ ይቅር ወይም ለሌሎች እምነቶችም ይድረስ የምትሉ ከሆነ ለትረስቲ መጻፍ ከንቱ ድካም ነው። የካቶሊክ ትምህርት ቤቶቹ ጥበቃ በ1867ቱ የካናዳ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 93 ውስጥ ነው። የወቅቱ የኦንታሪዮ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢል ዴቪስ በ1984 ቃል የገቡትን፣ እስከ መጨረሻው ክፍል የሚዘልቅ ሙሉ በጀትም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 አጽንቶታል። ኩቤክ በ1997 እንዳደረገችው የክፍለ ግዛቱ ምክር ቤትና የፌዴራሉ ፓርላማ ከተስማሙ ግን መቀየር ይቻላል፤ ስለዚህ ደብዳቤው ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተወካያችሁ ይሂድ። ቁርጥ ያለ መልስ ግን አትጠብቁ፦ የክፍለ ግዛቱ ወግ አጥባቂ ፓርቲ መሪ የነበሩት ጆን ቶሪ በ2007 ለሌሎች እምነት ትምህርት ቤቶች ገንዘብ እሰጣለሁ ብለው ምርጫውን ከተሸነፉ ወዲህ ትልልቆቹ ፓርቲዎች ጉዳዩን ይሸሹታል።