ኮምፒውተሩ ሲነሣ ናምሎክ በርቶ፣ ካፕስ ሎክ ጠፍቶ እንዲጠብቃችሁ

ባሕር ዳር፣ ፖሊ ግቢ አካባቢ፣ ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። መብራት ሲሄድ ዴስክቶፑ ይጠፋል፣ ሲመጣ ይነሣል፣ ደንበኛው ቆሞ ይጠብቃል። በዚያ ጥድፊያ ኪቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽዬ የናምሎክ (በቀኝ በኩል ያለውን የቁጥር ሰሌዳ የሚያበራና የሚያጠፋው ቁልፍ) መብራት ማን ያያታል? እኔም አላየኋትም ነበር።

ከጣና ዓሣ የሚያስረክቡ ሰዎች የሳምንቱን የክብደት መዝገብ በኤክሴል እንድሞላላቸው ሰጡኝ። ቆሮሶ በአንድ ዓምድ፣ አምባዛ በሌላው። ግማሹን ሞልቼ መብራት ሄደ። ሲመጣ ፋይሉን ከፈትኩና ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ በቀኝ እጄ ቁጥር መምታቴን ቀጠልኩ። ማሽኑ ግን የተነሣው ናምሎክ ጠፍቶ ነው። ናምሎክ ሲጠፋ በቀኝ በኩል ያሉት ቁልፎች ቁጥር መጻፍ ያቆማሉ፤ 8 ወደ ላይ፣ 2 ወደ ታች፣ 4 ወደ ግራ፣ 6 ወደ ቀኝ መሄጃ ይሆናሉ፣ ነጥቧ ደግሞ ዲሊት ትሆናለች። እናም 8.5 ብዬ ስመታ፣ 8 ወደ ላይኛው ሴል ወሰደኝ፣ ነጥቧ እዚያ የነበረውን ክብደት አጠፋች፣ 5 ምንም አልሠራም፣ ኢንተር ወደነበርኩበት መለሰኝ። ይህን ደጋግሜ ሳደርግ ቆይቼ፣ ሴቭ አድርጌ፣ ፋይሉን ዘጋሁት። ተመልሼ ስከፍተው ቀድሞ ከሞላኋቸው ሴሎች አንዳንዶቹ ባዶ፣ በኋላ ከመታሁት ቁጥርም አንድ የገባ የለም። ገጹን በሙሉ ከወረቀቱ ላይ እንደገና ሞላሁ፤ ሰዎቹም እስኪመሽ በር ላይ ጠበቁኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በእጄ የሚያልፍ ማሽን ሁሉ መጀመሪያ የማስተካክለው ይህን ነው።

መጀመሪያ ምን እንደምትፈልጉ ወስኑ። ለብቻው የቁጥር ሰሌዳ ያለው ኪቦርድ ላይ ናምሎክ ሁልጊዜ በርቶ ይነሣ፤ በዚህ አልደራደርም። የቀስት ቁልፎች መሃል ላይ ለብቻቸው አሉ፣ ቁጥር ሰሌዳውን ለቀስትነት የሚፈልገው በጣም ጥቂት ሰው ነው። በ1981 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኪቦርድ የራሱ የቀስት ቁልፎች ስላልነበሩት ነው አንዱ ሰሌዳ ሁለት ሥራ የያዘው፤ ቀስቶቹ ለብቻቸው ከተሠሩ በኋላም የናምሎክ ቁልፍ ሳይነሣ ቀረ።

ላፕቶፕ ላይ ግን ተጠንቀቁ። የቁጥር ሰሌዳ የሌላቸው አንዳንድ ትንንሽ ላፕቶፖች፣ በተለይ የቆዩት፣ ናምሎክ ሲበራ ከፊደሎቹ የተወሰኑትን ወደ ቁጥር ይቀይራሉ። ጄ፣ ኬ፣ ኤል 1፣ 2፣ 3 ይሆናሉ፤ ዩ፣ አይ፣ ኦ 4፣ 5፣ 6 ይሆናሉ፤ ኤም 0 ይሆናል። ፓስዎርዳችሁ ውስጥ ከነዚህ አንዱ ካለ ማሽኑ አያስገባችሁም። አንዲት የመመረቂያ ጽሑፏን ልታስረክብ የደረሰች ተማሪ “ተቆለፈብኝ፣ ፎርማት አድርግልኝ” ብላ መጥታ ነበር። ፓስዎርዱ መጻፊያ ጎን ያለውን የዓይን ምልክት ስንጫን በፊደሎቹ ፈንታ ቁጥር ተደርድሯል። ኤፍኤን (Fn) የሚለውን ቁልፍ ይዘን ናምሎክን ተጫንን፣ ገባች። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ላፕቶፕ ካላችሁ ጠፍቶ ይነሣ። የውጭ ኪቦርድ በዩኤስቢ ስትሰኩም አስታውሱ፤ ዊንዶውስ የናምሎክን ሁኔታ ለሁሉም ኪቦርዶች አንድ አድርጎ ነው የሚይዘው።

አሁን ወደ ማስተካከያው። ቀላሉን አስቀድሙ፦ ዊንዶውስ ፓስዎርድ በሚጠይቅበት ገጽ ላይ ሳትገቡ ናምሎክን አብሩ፣ ከዚያ ከታች በቀኝ ካለው የማጥፊያ ምልክት ሪስታርት በሉት። ብዙ ጊዜ ይህ ብቻ ይበቃል።

ካልበቃ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ የራሱ ማስተካከያ) ውስጥ ግቡ። ማሽኑ እንደተነሣ ዴል ላይ ኤፍ2፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ10 ደጋግማችሁ ተጫኑ፤ ናምሎክ የሚል ቃል ያለበትን መስመር ፈልጉ፣ ኦን አድርጉ፣ ሴቭ ብላችሁ ውጡ። ሌላውን ምንም አትንኩ።

አስቸጋሪው ባዮሱ ኦን ብሎ ሳለ ዊንዶውስ መልሶ ሲያጠፋው ነው። እኔን ብዙ ቀን ያሠቃየኝም ይኸው ነው። የዊንዶውስን ቁልፍ ከአር ጋር ተጫኑ፣ ሬግኤዲት (regedit) ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉና ኢንተር በሉ፤ የዊንዶውስ ውስጣዊ ማስተካከያዎች የሚቀመጡበት መዝገብ ይከፈታል። ኤችኪ ዩዘርስ፣ ከሥሩ በነጥብ የሚጀምረው ዲፎልት፣ ኮንትሮል ፓነል፣ ኪቦርድ እያላችሁ ውረዱ። ኢኒሻል ኪቦርድ ኢንዲኬተርስ (InitialKeyboardIndicators) የሚል መስመር ታገኛላችሁ። ቁጥሩ የሚሠራው በድምር ነው፦ 1 ካፕስ ሎክ፣ 2 ናምሎክ፣ 4 ስክሮል ሎክ። ናምሎክ ብቻ እንዲበራ 2፣ ሁሉም እንዲጠፋ 0። ብዙ ጊዜ እዚያ የምታገኙት 2147483648 የሚል ረጅም ቁጥር ነው፤ አትደንግጡ። 2 አልሠራ ካላችሁ 2147483650 ጻፉ። ሳትነኩት በፊት ግን የነበረውን ቁጥር ወረቀት ላይ ገልብጡ። ይህ ቦታ የመግቢያ ገጹን የሚመለከት ነው፤ ከገባችሁ በኋላ የሚጠፋ ከሆነ ኤችኪ ከረንት ዩዘር ሥር ያለውን አቻውንም ቀይሩ።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ጠዋት ጠፍቶ ካገኛችሁት ጥፋቱ ፋስት ስታርታፕ የሚባለው የዊንዶውስ ፈጣን ማስነሻ ሊሆን ይችላል። እሱ ሲሠራ ማሽኑ ሹትዳውን ሲባል የሥርዓቱን ክፍል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ይጠፋና በነጋታው ከዚያ ይቀጥላል፤ ሪስታርት ሲባል ግን ከባዶ ይነሣል። በሪስታርት የሚሠራው በሹትዳውን የማይሠራው ለዚህ ነው። ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ገብታችሁ፣ የማጥፊያ ቁልፎቹ ምን እንደሚሠሩ ከሚመረጥበት ገጽ ላይ የፋስት ስታርታፕን ምልክት አንሡ። አነሣሡ በጥቂት ሰከንድ ይዘገያል፤ እኔ እቀበለዋለሁ።

ናምሎክን እናበራለን የሚሉ ትንንሽ ነፃ ፕሮግራሞችን በፍላሽ አታምጡ። ለአንድ ቁልፍ ብላችሁ ቫይረስ ታስገባላችሁ። ሊነክስ የምትጠቀሙ፣ ኬዲኢ (KDE) የሚባለው ዴስክቶፕ ላይ ከሆናችሁ የኪቦርድ ሴቲንግ ውስጥ ምርጫው በግልጽ ተቀምጧል።

ካፕስ ሎክን አማርኛ የሚጽፍ ሰው አቅልሎ ማየት የለበትም። በድምፅ የሚጻፈው ኪቦርድ ላይ ትልቁና ትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል የተለያየ የግዕዝ ፊደል ነው፤ በትንሹ ቲ “ተ”፣ በትልቁ “ጠ”። እኔ በምጠቀመው ላይ ካፕስ ሎክ በርቶ ከቀረ ወረቀት እያየሁ የጻፍኩት አንቀጽ በሙሉ ሌላ ቃል ሆኖ ይጠብቀኛል፤ በእንግሊዝኛ እንደሚሆነው ትልቁን ወደ ትንሽ በመቀየር አይስተካከልም። ጠፍቶ ይነሣ። ስክሮል ሎክም እንዲሁ፤ ኤክሴል ላይ ቀስት ስትጫኑ ሴሉ ቆሞ ገጹ ከሄደ እሱ ነው።

እንደ እኔ ወረቀት እያያችሁ የምትጽፉ ከሆነ ቶግል ኪስ የሚባለውን፣ እነዚህ የሎክ ቁልፎች ሲነኩ ድምፅ የሚያሰማውን የዊንዶውስ ማስተካከያ አብሩ፤ ናምሎክን ለ5 ሰከንድ ይዛችሁ መቆየት ነው። ከዚያ ቁልፎቹ ሲበሩ ቀጭን፣ ሲጠፉ ወፍራም ድምፅ ይሰማል፤ እጅ ስቶ ቢነካቸው ጆሮ ያውቃል።

በመጨረሻ ሪስታርት ሳይሆን ሹትዳውን አድርጉና እንደገና አስነሡት። ኖትፓድ ከፍታችሁ ከቁጥር ሰሌዳው 8.5 ምቱ። ስክሪኑ ላይ 8.5 ከወጣ መዝገባችሁን ክፈቱ።