ከካውንቲ ፍርድ ቤት ወረቀት ስታወጡ የምትሳሳቷቸው ነገሮች

ሥራዬ ትርጉምና ፎርም መሙላት ነው። ደንበኞቼ ሜሪላንድ፣ ዲሲና ቨርጂኒያ ያሉ ሐበሾች ናቸው። የፍርድ ቤት ወረቀት የሚያስፈልጋቸው ባብዛኛው በሁለት ምክንያት ነው። አንዳንዱ ለሲቲዝንሽፕ ሲያመለክት ድሮ የተያዘበት ጉዳይ እንዴት እንዳለቀ ማሳየት አለበት። ሌላው ደግሞ ከአገር ቤት ሚስቱን ወይም ባሏን ለማምጣት የበፊቱ ትዳር መፍረሱን የሚያረጋግጥ ወረቀት ይፈልጋል። ማውጣቱ ራሱ ከባድ አይደለም። የልጆችና የታሸጉ ጉዳዮች ሲቀሩ የፍርድ ቤት መዝገብ ባብዛኛው ለማንም ክፍት ነው። ሰው ግን ይጉላላል፣ ያውም ሁልጊዜ በዚያው ስህተት።

ኬዝ ሰርችን ፕሪንት አድርጎ መምጣት

ይሄኛው ነው ደሜን የሚያፈላው። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ኬዝ ሰርች የሚባል ነጻ ድረ ገጽ አላቸው። ስም ስታስገቡ ኬዝ ነምበሩ፣ ቀጠሮው፣ ክሱና ውጤቱ ተዘርዝሮ ይመጣል። ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም ቀኑን ሙሉ እከፍተዋለሁ። ግን የሚያሳያችሁ የመዝገቡን ዝርዝር ብቻ ነው። ዳኛው የፈረሙበት ውሳኔ እዚያ የለም።

አንድ ጋሼ ለኢንተርቪው ሦስት ቀን ሲቀራቸው መጡ። ወረቀቱን በፕላስቲክ ሽፋን ከተውታል፣ ጥግ እንኳ አልታጠፈም።

«ጋሼ፣ ይሄ ከኢንተርኔት የወጣ ነው» አልኳቸው።

«ከመንግሥት ድረ ገጽ ነው እኮ ልጄ!»

«እሱስ ነው። ማኅተሙ የታለ?»

«በከለር ነው ያስወጣሁት» አሉኝ።

ኢሚግሬሽን የሚፈልገው ሰርቲፋይድ ኮፒ ነው። ከፋይሉ የተገለበጠው ወረቀት መጨረሻ ገጽ ላይ፣ ወይም ጀርባው ላይ፣ ትክክለኛ ግልባጭ መሆኑን የሚገልጽ ማኅተም ይመታበታል። የክለርኩ፣ ማለትም የፍርድ ቤቱ መዝገብ ያዥ፣ ፊርማና ቀን ይኖረዋል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ከወረቀቱ ከፍ ብሎ የታተመ ክብ ምልክት አለው፤ በአውራ ጣታችሁ ስትዳስሱት ይታወቃችኋል። ሜሪላንድ ውስጥ ማኅተሙ 5 ዶላር፣ ኮፒው በገጽ 50 ሳንቲም ነው። ፓርኪንጉ ይበልጣል! ለዚህ ብሎ ሰው እንዴት ኢንተርቪው ያስተላልፋል? ጋሼን በማግስቱ ጠዋት ሮክቪል ፍርድ ቤት ላክኋቸው፣ ከምሳ በፊት ይዘውት ተመለሱ። ስክሪን ሾት በቴሌግራም የምትልኩልኝማ፣ እባካችሁ ተዉኝ።

ኬዝ ሰርች የሚጠቅማችሁ ኬዝ ነምበሩን ለማግኘት ነው። ነምበሩን ጽፋችሁ ወደ መስኮቱ ሂዱ።

የፖስታ አድራሻን አምኖ መሄድ

ፋይሉ ያለው ጉዳዩ የታየበት ፍርድ ቤት ነው። የተጋባችሁበት ቦታም፣ አሁን የምትኖሩበትም አይደለም። ሜሪላንድ የተፋታ ሰው ዛሬ ቴክሳስ ቢኖር የቴክሳስ ክለርክ ምንም አያደርግለትም።

ቨርጂኒያ ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። እዚያ ከተማ ከካውንቲ ውጪ ራሱን የቻለ ነው። ፖስታችሁ ላይ አሌክሳንድሪያ ስለተጻፈ ፋይላችሁ አሌክሳንድሪያ ፍርድ ቤት አለ ማለት አይደለም። አድራሻው አሌክሳንድሪያ የሚል ብዙ ሰፈር በካውንቲ ሲታይ ፌርፋክስ ነው። ቤይሊስ ክሮስሮድስም በፖስታ ፎልስ ቸርች ይባላል፣ በፍርድ ቤት ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። እውነተኛዋ የፎልስ ቸርች ከተማ ደግሞ ሰርኪዩት ኮርቷ አርሊንግተን ነው። ኮሎራዶ ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ ኦሮራ በሦስት ካውንቲ ላይ የተዘረጋች ከተማ ነች፣ አራፓሆ፣ አዳምስና ዳግላስ። ዲሲ ካውንቲ የሚባል ነገር የለም። ሁሉም ሱፒሪየር ኮርት ነው፣ ተገላገላችሁ።

ፖሊሱ የሰጣችሁ ትኬት ወይም የመጥሪያው ወረቀት ካለ ግን ይሄ ሁሉ ግምት አያስፈልግም። የፍርድ ቤቱ ስም እላዩ ላይ ተጽፏል።

ትክክለኛው ካውንቲ፣ የተሳሳተው መስኮት

ሜሪላንድ ውስጥ የትራፊክ፣ የቀላል ወንጀልና የቤት ኪራይ ጉዳይ ዲስትሪክት ኮርት ነው። ፍቺ ሰርኪዩት ኮርት ነው። ቨርጂኒያም ፍቺ ሰርኪዩት ነው፣ ቀላሉ ጉዳይ ጄኔራል ዲስትሪክት ይባላል። ቴክሳስ ላይ ደግሞ የጋብቻ ፈቃዱን የሚይዘው ካውንቲ ክለርክ ሲሆን የፍቺውን ውሳኔ የሚይዘው ዲስትሪክት ክለርክ ነው። ሁለት የተለያየ ቢሮ ነው።

ሜሪላንድ ላይ ሰው የሚጠፋበት አንድ ነገር ልጨምር። ክሱ ዲስትሪክት ኮርት ተጀምሮ ጠበቃችሁ በጁሪ ይታይልን ካለ ፋይሉ ወደ ሰርኪዩት ኮርት ይሄዳል፣ አዲስ ነምበርም ይሰጠዋል። ዲስትሪክት ኮርት ብትጠይቁ የምታገኙት መተላለፉን ብቻ ነው። «ጉዳዬ ምንም አልተወሰነበትም» ብለው የሚምሉ ደንበኞች አሉኝ። ተወስኖበታል፣ ሌላኛው ሕንጻ ውስጥ ነው።

በነገራችን ላይ ፔሰር የሚባለው ድረ ገጽ የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ነው። ባንክራፕሲ እዚያ ይገኛል፣ ፍቺ አይገኝም። የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት ፋይልም ካውንቲ አይቀመጥም።

ስም በአንድ ስፔሊንግ ብቻ መፈለግ

ፀሐይን አንዱ ፖሊስ በቲ ይጀምራታል፣ ሌላው በኤስ። ላስት ኔም ላይ አንዱ የአባት ስም ይጽፋል፣ ሌላው የአያት። ሁሉንም ሞክሩ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስም እያቀያየራችሁም ፈልጉ። ስታገኙት ደግሞ የልደት ቀኑን ሳታዩ ደስ አይበላችሁ። እኛ ዘንድ ሞክሼ ብዙ ነው፣ ልደቱ ጃንዋሪ 1 የተባለም ብዙ ነው። የሞክሼን ክስ ሰርቲፋይድ አስደርጎ የመጣ ሰው አይቻለሁ።

ወረቀቱን ሳያወጡ መዝገብ ማሰረዝ

ይሄ ደግሞ የሚያሳዝነኝ ነው። ሰዉ ኤክስፐንጅመንት ሲሰማ ኃጢአቱ የተፋቀለት ይመስለዋል። ለሥራ ፍለጋ ጥሩ ነው። ኢሚግሬሽን ግን የተሰረዘውንም፣ የታሸገውንም ጉዳይ ይጠይቃል። የጣት አሻራችሁ ላይ መያዛችሁ ይታያል።

አንድ ሾፌር ልጅ ክሱ ውድቅ ሆኖለት ነበር። ጓደኛው መክሮት አሰረዘው። በኋላ ለሲቲዝንሽፕ ሲያመለክት ኦፊሰሯ ተይዞ እንደነበር ታውቃለች፣ መጨረሻውን የሚያሳይ ወረቀት አምጣ ትለዋለች። ፍርድ ቤት ሄደ። «በዚህ ስም ምንም የለም» ተባለ። ነጻ የወጣበትን ማስረጃ በገዛ እጁ አጥፍቶ፣ አሁን ነጻ መውጣቱን አስረዳ ይባላል። ጠበቃ ቀጥሮ ነው የተላቀቀው።

ሜሪላንድ ላይ ደግሞ እናንተ ባታመለክቱም ሊሰረዝ ይችላል። ከኦክቶበር 1 ቀን 2021 ወዲህ በነጻ በመለቀቅ ወይም ውድቅ በመሆን ያለቁ ብዙ ክሶች ከሦስት ዓመት በኋላ በራሳቸው ከመዝገብ ይወጣሉ። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጉዳይ ያላችሁ ነገ ዛሬ ሳትሉ አውጡትና አስቀምጡት።

ርዕሱን ሳያነቡ መቀበል

መስኮቱ ላይ የሰጧችሁን ሳታነቡ ኪሳችሁ አትክተቱ። ፋይል ውስጥ ብዙ ወረቀት አለ፤ የክስ ማመልከቻው ራሱ የፍቺ ወረቀት ይመስላል። ውሳኔ ግን አይደለም። ሜሪላንድ ላይ እስከ 2023 ድረስ ሊሚትድ ዲቮርስ የሚባል ነበረ፣ በዚያ ዓመት ኦክቶበር 1 ቀረ። እሱ ሌላ ለማግባት አያስችልም ነበር። ጋብቻው ፈርሷል የሚባለው አብሶሉት ዲቮርስ የሚል ውሳኔ ሲኖር ነው። በዚያ በሊሚትዱ ተማምነው ሌላ ያገቡ ሰዎች አሉ። ያ የኔ ሥራ አይደለም፣ የጠበቃ ነው።

በወንጀል ጉዳይ ላይ ደግሞ «ስቴት» (stet፣ ክፍለ ግዛት የሚባለው ስቴት አይደለም) የሚል ካያችሁ ክሱ ወደ ጎን ተቀመጠ ማለት ነው፣ ውድቅ ሆነ ማለት አይደለም። ፕሮቤሽን ቢፎር ጀጅመንት፣ ማለትም ጥፋተኛ ሳይባሉ በገደብ መለቀቅ፣ የተሰጣችሁም «ጥፋተኛ አልተባልኩም» ብላችሁ አትዝለሉት። ሜሪላንድ ጥፋተኛ ባትላችሁም ኢሚግሬሽን እንደዚያ ላያየው ይችላል።

ክለርኳን ማማከር

«የትኛው ይሻለኛል?» ብትሏት የሕግ ምክር መስጠት አልችልም ትላችኋለች። አትቆጧት። ኬዝ ነምበሩን ሰጥታችሁ «ሰርቲፋይድ ኮፒ ኦፍ ዲስፖዚሽን» በሏት፤ ዲስፖዚሽን ጉዳዩ ያለቀበት ውጤት ነው። ለፍቺ ከሆነ «ጀጅመንት ኦፍ አብሶሉት ዲቮርስ» በሉ።

ለሚያስከፍሉ የሰው መረጃ ድረ ገጾች ገንዘብ አትክፈሉ። ማኅተም መምታት አይችሉም።

ቆየት ላለ ፋይል ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። ከሕንጻው ውጪ መጋዘን ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ የሜሪላንድ በጣም የቆየ ፋይል ደግሞ አናፖሊስ ስቴት አርካይቭስ ይገኛል። ፋይሉ ጊዜው አልፎ ተወግዷል ካሏችሁ ባዶ እጃችሁን አትመለሱ። ተፈልጎ እንዳልተገኘ የሚገልጽ ደብዳቤ ስማችሁና የልደት ቀናችሁ ተጽፎበት፣ ማኅተም ተመቶበት ጠይቁ። ፋይሉ ካለ ሁለት ሰርቲፋይድ ኮፒ አስወጡ፣ አንዱ ቤት ይቅር። ስካን ለማድረግ ብላችሁ ስቴፕሉን አትንቀሉ። በተለይ ወረቀቱ አገር ቤት የሚሄድ ከሆነ፣ ተነቅሎ የተመለሰ ስቴፕል ያዩ የማረጋገጫ ቢሮዎች አይቀበሉትም፤ እንደገና አስወጡ ይሏችኋል። እኔ ጋ ስትመጡ እንደተሰፋ አምጡት፣ ገጹን እያጠፍኩ ስካን አደርገዋለሁ።