ዊልቸር ላይ የሚውል ወጣት የአልጋ ቁስል እንዳይዘው እንዴት እንደሚጠነቀቅ

የእህቴ ልጅ በ15 ዓመቱ ከጣሪያ ወድቆ አከርካሪው ከተጎዳ ጀምሮ ዊልቸር ላይ ነው የሚውለው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያጠበችውም ያገላበጠችውም እናቱ ናት። አንድ ቀን «እማዬ ይበቃል፣ ከዛሬ ጀምሮ ራሴ እታጠባለሁ» አላት። ደስ ብሏት ተወችው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ክፍሉ መሽተት ጀመረ። መቀመጫው ላይ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቁስል ነበረው፤ ከወገቡ በታች ስለማይሰማው አላወቀም። እስኪድን አምስት ወር ፈጀ፣ የዓመቱ ትምህርትም ቀረ።

በዚያ ዕድሜ ገላውን ለእናቱ ማሳየት የሚወድ ልጅ የለም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ሥራውን ስናስረክበው አሠራሩን አላስረከብነውም።

ስሙ የአልጋ ቁስል ይባል እንጂ በወንበርም ይመጣል። አጥንቱ ከታች ያለውን ሥጋ ተጭኖ ደም ሲከለክለው ሥጋው ይሞታል። ሰውነቱ የሚሰማው ሰው ሳያስበው ይቁነጠነጣል፤ የማይሰማው ግን በሰዓት ነው መቁነጥነጥ ያለበት።

1. ጠዋትና ማታ ቆዳውን ይይ። የሚታዩት ቦታዎች መቀመጫው ላይ ያሉት ሁለቱ አጥንቶች፣ ጭራ አጥንት፣ ዳሌ፣ ቁርጭምጭሚትና ተረከዝ ናቸው። በመስታወት ማየት ይቻላል፤ የኛ ልጅ ግን ስልኩን ወደ ኋላ ዘርግቶ ፎቶ ያነሳል፣ አይቶ ያጠፋል። «ቀይ ቦታ ፈልጉ» ሲባል ትሰማላችሁ፤ የኛ ቆዳ ብዙ ጊዜ አይቀላም። ይጠቁራል ወይም ወደ ወይንጠጅ ይሄዳል፤ በእጅ ጀርባ ሲዳሰስ ከዙሪያው ይሞቃል፣ አንዳንዴም ይጠነክራል። ጫናው ከተነሳ ከ30 ደቂቃ በኋላ ምልክቱ ካልጠፋ ቁስል መጀመሩ ነው።

2. በየግማሽ ሰዓቱ ጫናውን ያንሳ። በክንድ ተደግፎ ለአፍታ ብድግ ማለት አይበቃም፤ ደሙ እስኪመለስ ሁለት ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። የሚሻለው ፍሬኑን ይዞ፣ ደረትን ወደ ጭን አድርጎ ወደፊት መጎንበስ ነው። ክፍል ውስጥ ከሆነ ዴስኩ ላይ ቢደገፍ ማንም ልብ አይለው። የስልኩን ማስታወሻ ንዝረት ላይ ያድርገው፤ ጓደኞቹ ፊት የሚጮህ ማንቂያ በሁለተኛው ቀን ይጠፋል። ሌሊት ደግሞ በየሁለት ሰዓቱ መገላበጥ ያስፈልገዋል። ይሄን ብቻውን የማይችል ብዙ ነው፤ እዚህ ላይ እገዛችሁ አይቅር።

3. የሚቀመጥበትን ፈትሹ። ልጁ ስፖንጁ ላይ ተቀምጦ ሳለ መዳፋችሁን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከስፖንጁ ስር አስገቡ። አጥንቱ እጃችሁ ላይ ከታወቃችሁ ስፖንጁ ሞቷል፣ ይቀየር። የመኪና ጎማ ካላማዳሪያም ሆነ መሃሉ ክፍት የሆነ ትራስ አታስቀምጡለት፤ ዙሪያውን ተጭኖ ለመሃሉ ደም ይከለክላል። የእግር ማሳረፊያው ከፍ ካለ ጉልበቱ ይነሳና ክብደቱ ሁሉ መቀመጫው ላይ ያርፋል። ልጅ ደግሞ ያድጋል፤ የዛሬ ሁለት ዓመት የተለካው ዊልቸር ዛሬ አይበቃውም። የኋላ ኪሱ ውስጥ ስልክ፣ ቁልፍ፣ ሳንቲም አይኑር። ጂንስ መልበስ ከፈለገ የኋላ ኪስና ወፍራም ስፌት የሌለውን ፈልጉለት።

4. ውሃ እንዳይቀንስ። ብዙዎቹ ወጣቶች የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ዊልቸር ስለማያስገባ ሳይጠጡ ይውላሉ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 አንቀጽ 36 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሽንት ቤት ለአካል ጉዳተኞች እንዲመች ደንግጎ ነበር፤ በሩ ግን ያው ጠባብ ነው። ውሃ ማጣት ቆዳንም ኩላሊትንም ይጎዳል። ስለዚህ ርዕሰ መምህሩን ሄዳችሁ አነጋግሩ፤ አንድ በር ማስፋት ብዙ ወጪ የለውም። የረጠበ ልብስ ወዲያው ይቀየር።

ከእሳትም ተጠንቀቁ። የከሰል ምድጃ አጠገብ የተዘረጋ እግር፣ ጭን ላይ የተቀመጠ የሻይ ብርጭቆ ወይም የጋለ ላፕቶፕ የማይሰማውን ሰው ሳያውቀው ያቃጥለዋል።

5. ምልክት ከታየ በዚያ ጎን አይቀመጥ፣ አይተኛም፤ ትምህርትም ቢቀር ይቅር። ቦታውን አትሹት። ቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ አልኮል አይነካው። ምግቡ ላይ እንቁላል፣ በጾም ከሆነ ምስርና ሽሮ ይብዛ። ቆዳው ከተከፈተ፣ ከጠቆረ፣ ከሸተተ ወይም ትኩሳት ከመጣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ውሰዱት። ስትሄዱ ስፖንጁንና ዊልቸሩን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያቆሰለው ወንበሩ ከሆነ ፊዚዮቴራፒስቱ እሱንም ማየት አለበት።