ደሴና ኮምቦልቻ፦ ሕፃናትን ይዞ በትንሽ ወጪ ግማሽ ቀን መዋያ

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ከ600 ሜትር ይበልጣል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ 6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀዘቅዝ፣ ደሴ ላይ ጋቢ ያስደረበ ጠዋት ኮምቦልቻ ሲደርሱ ሹራብ ያስወልቃል። ትንንሽ ልጆች ላሉት ቤተሰብ ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ደሴ ጉም ሲውጣት ወደ ታች መውረድ፣ ኮምቦልቻ ስትፋጅ ወደ ላይ መውጣት ነው። ዋናው ወጪ የመኪና ነው፤ ሌላው ሁሉ ከቤት ሊያዝ ይችላል።

ክርስትና ሳይነሳ ወይም አርባው ሳይሞላ ከደጅ የማይወጣ ሕፃን በየቤቱ አለና፣ ከዚህ በታች ያለው ከዚያ በኋላ ላሉት ነው። የኩፍኝ ክትባት የሚሰጠው በ9 ወርና በ15 ወር ስለሆነ፣ የመጀመሪያውን ያልወሰደ ሕፃን ገበያና የተጨናነቀ አዳራሽ ባይገባ ይመረጣል። ሜዳውና ኮረብታው ይበቃዋል።

ሰዓቱን የሚወስነው እንቅልፍ ነው

የልጆች ሽርሽር በብዛት የሚበላሸው ቀኑን ሙሉ ለመዋል ሲታሰብ ነው። የ6 ወር ሕፃን ከእንቅልፉ ከነቃ በኋላ ሳይነጫነጭ የሚቆየው ከ2 እስከ 3 ሰዓት ነው። ዓመት ተኩል የሆነው 5 ሰዓት ገደማ ይችላል። ስለዚህ መኪና ላይ እንዲተኛ፣ ቦታው ላይ ነቅቶ እንዲጫወት አድርጋችሁ አቅዱ። ከደሴ ለሚነሳ ሰው የሚያዋጣው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ወጥቶ እስከ 5 ሰዓት ማጫወት፣ ጥላ ሥር ምሳ ማብላት፣ 6 ሰዓት ላይ ለመልስ መሳፈር ነው። ምሳውን የበላ ልጅ መልሱን ተኝቶ ይጨርሰዋል። በሐምሌና በነሐሴም ዝናቡ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ ስለሚጥል ይኸው ሰዓት ይሠራል።

ሚኒባስ ሳይሞላ አይነሳም፤ የልጁን ትዕግሥት የሚጨርሰውም ይሄ መጠበቅ ነው። ሁለት አዋቂ ካላችሁ አንዱ ወንበር ይያዝ፣ ሌላው ሕፃኑን ውጭ አየር ላይ ያቆየውና ረዳቱ ሊዘጋ ሲል ይግባ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ሊሞላ የቀረበውን ምረጡ። በእቅፍ ያለ ልጅ በልማድ አይከፈልበትም፤ ግን ሦስት ዓመት ያለፈውን ልጅ ታቅፎ 25 ኪሎ ሜትር መውረድ ለጉልበትም ለልጁም ደግ ስላልሆነ የአንድ ወንበር ብር አትሰስቱ። ባጃጅ ላይ ልጁ መሃል ይቀመጥ፣ ከፊት ከሹፌሩ ጎን በፍጹም። ዋጋውንም ከመውጣታችሁ በፊት ተስማሙ፤ ልጅና ዕቃ የያዘ ሰው ከወረደ በኋላ ለመከራከር አይመችም።

ቦርሳው

ለግማሽ ቀን ሦስት ዳይፐር ይበቃል፤ በየሦስት ሰዓቱ አንድ፣ ከዚያ አንድ ትርፍ። የምትጠቀሙት ጨርቅ ከሆነ አምስት ያዙ። ለልጁ ሙሉ ቅያሪ፣ ላዘለው ሰው ደግሞ አንድ ሸሚዝ ወይም ቲሸርት ያስፈልጋል። ሁለተኛውን ሁሉም ይረሳል፤ ልጅ ሲያስመልስ ግን መጀመሪያ የሚበላሸው የተሸካሚው ደረት ነው። ቅያሪውን አሮጌ ፌስታል ውስጥ ጠቅልላችሁ ክተቱ፤ ንጹሑ ሲወጣ የቆሸሸው እዚያው ይገባል። ቁራጭ ሳሙና፣ ለእጅ መታጠቢያ 1 ሊትር ውሃ (ከሚጠጣው የተለየ)፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ አሮጌ ጋቢ፣ ሁለት ፓኬት ለምለም (ለተቅማጥ የሚሰጠው ንጥረ ነገር)። ለምለም በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ይደፋል። በግማሽ ሊትር ከበጠበጣችሁት ጨውና ስኳሩ ስለሚበዛ ተቅማጡን ሊያብሰው ይችላል።

ልብስ አንድ ወፍራም ሳይሆን ሦስት ስስ ይሁን፤ ወደ ታች በወረዳችሁ ቁጥር ታወልቃላችሁ። ሕፃን በርዶት እንደሆነ ለማወቅ እጁን አትንኩ፣ የሕፃን እጅ ብዙውን ጊዜ ቀዝቃዛ ነው። ማጅራቱን ዳብሱ፤ ካላበው አንድ ልብስ አውልቁ። የደሴ ብርድ ደግሞ ስለ ፀሐይ ያታልላል። የጨረሩ ኃይል በ1000 ሜትር 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ደሴ ላይ እየበረዳቸው ፊታቸው የሚላጠው ልጆች ከኮምቦልቻዎቹ ይበልጣሉ ቢባል አይገርምም። ምች መታው ተብሎ ዳማከሴ ከመፈለግ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ ማድረግ ይቀላል።

ማዘያው ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከብርድም ከዓይንም ለመጠበቅ ተብሎ የሕፃኑ ራስ በጋቢ ድፍን ተደርጎ ይሸፈናል። እንዲያ ሲሆን የራሱን ትንፋሽ መልሶ ይስባል፣ ያልበዋል፣ ቀና ማለትም ያቅተዋል። አገጩ ደረቱ ላይ ካልተጣበቀ፣ በአገጩና በደረቱ መሃል ሁለት ጣት ከገባ፣ አፍና አፍንጫው ከታየ ደህና ነው። እግሮቹ ተንጠልጥለው ሳይሆን ጉልበቱ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ብሎ ጀርባችሁን እንዲያቅፍ አድርጉት፤ ለዳሌው የሚስማማው ይሄ ነው።

ሐረጎን መውረድ

ልጆች ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚወርደው የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ የሚያለቅሱት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ጆሮ ነው። መኪናው በፍጥነት ሲወርድ የውጭው የአየር ግፊት ይጨምራል፣ የጆሮው ታምቡር ወደ ውስጥ ይገፋል፣ ያማል። አዋቂ ምራቁን ውጦ ይገላግለዋል፤ ሕፃን ግን የሚውጥ ነገር ካልተሰጠው አያውቅበትም። ቁልቁለቱ እንደጀመረ ጡት ወይም ጡጦ ስጡት፤ ተለቅ ላለው ውሃ በጥቂት በጥቂቱ። ቀድማችሁ አጥብታችሁ ከጨረሳችሁ ዋናው ቁልቁለት ላይ ይጠግብና እምቢ ይላል። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው የተደፈነ ልጅ የበለጠ ስለሚያመው ሽርሽሩን ለሌላ ሳምንት ማሳደሩ ይሻላል።

ሁለተኛው ማስመለስ ነው። ይህ ሁለት ዓመት ካለፋቸው በኋላ ይብሳል። ወተትና ዘይት የበዛበት ጨጨብሳ በልቶ ወዲያው መሳፈር ጥሩ አይደለም፤ ከአንድ ሰዓት በፊት ዳቦ በሻይ ወይም ሙዝ ይበቃል። ከፊት ረድፍ ተቀመጡ፣ መስኮቱን በትንሹ ክፈቱ (ተሳፋሪው ንፋስ መታኝ ቢልም በትሕትና ለምኑት)፣ ልጁ ወደ ፊት ራቅ ያለ ነገር እንዲያይ አድርጉ። ስልክ ላይ ካርቱን ማሳየት ዝም ያሰኘዋል፣ ከሁለት ኩርባ በኋላ ግን ያስመልሰዋል፤ ዓይኑ የቆመ ነገር እያየ ሰውነቱ ስለሚዞር ነው። ፌስታሉ ቦርሳ ውስጥ ሳይሆን እጃችሁ ላይ ይሁን።

የት?

ደሴ ላይ ያለ ወጪ የሚኬደው ጦሳ ተራራ ሥር ነው። ጫፍ ድረስ መውጣት ለትንንሽ ልጅ አይታሰብም፤ ከሰፈር ወጥቶ ባሕር ዛፉ መሃል የግማሽ ሰዓት አቀበት ይበቃል። ሦስት ዓመት የሞላው በእግሩ ይሂድ፣ ፍጥነቱ የእሱ ይሁን፤ ቅጠልና ድንጋይ ሲለቅም ሰዓቱ ያልቃል። ጉም መውረድ ከጀመረ ሳትከራከሩ ተመለሱ፣ መንገዱ ይጠፋል፣ አፈሩም ያንሸራትታል። አንድ ከባድ ነገር፦ በ2014 ዓ.ም. በአካባቢው ውጊያ ነበር። መሬት ላይ የወደቀ ብረት፣ ቀለህም ይሁን ሌላ፣ ልጅ እንዳይነካ ከመውጣታችሁ በፊት ንገሩት፤ ካያችሁ ራቁና ለፖሊስ አመልክቱ።

ሰኞ ገበያ ጠዋት ገና ሳይሟሟቅ ለሦስትና ለአራት ዓመት ልጅ ትልቅ ትርኢት ነው፤ ዶሮ፣ በግ፣ አህያ፣ የበርበሬ ክምር። ከበርበሬ ተራው ራቅ በሉ፣ ዓይኑን አሽቶ ማልቀስ ከጀመረ ውሎው አለቀ። ልጁን እዘሉት ወይም እጁን ያዙት፤ ጭነት የያዘ አህያ ቁመቱ ልክ ፊቱ ላይ ነው የሚያልፈው። ወደ ገራዶ ወርዶ የመስኖ ጎመንና ካሮት ማሳ ማየትም ጥሩ ነው፣ የባለቤቱን ፈቃድ ጠይቃችሁ። የንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍ አዳራሽና ሙዚየሙ ለትልልቆቹ ናቸው፤ ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ አሥር ደቂቃ ነው የሚታገሠው።

ኮምቦልቻ ላይ ሣር ያለው የሆቴል ግቢ ፈልጋችሁ፣ ዋጋውን መጀመሪያ አይታችሁ፣ አንድ ሻይ ወይም ማኪያቶ ይዛችሁ መቀመጥ ነው። ለሁለት ልጅ አንድ ጁስ ይበቃል፤ ውሃና በረዶ ሳይጨመርበት ይፈጭ በሉ፣ ሆድ የሚያበላሸው በብዛት ፍሬው ሳይሆን ውሃው ነውና። አውሮፕላን ለሚወድ ልጅ የበረራውን ሰዓት ቀድሞ ጠይቆ፣ ከኤርፖርቱ አጥር ራቅ ካለ ቦታ ሲያርፍና ሲነሳ ማሳየት ምንም አይከፈልበትም። ፎቶ ለማንሳት ግን አትሞክሩ። ቦርከና ዳር ማስቀመጥ ይቅር፤ ወንዙ የሁለቱንም ከተማ ቆሻሻ ይዞ ያልፋል።

ለትንሽ ሰፋ ያለ ውሎ የሐይቅ ከተማና ሐይቋ አሉ፤ ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። ሚኒባሱ ከተማው ላይ ያወርዳል፣ እስከ ዳርቻው በባጃጅ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታ መናኸሪያ ጠይቁ። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዓ የታወቀው የእስጢፋኖስ ገዳም ሴት አያስገባም፤ አባት ሊሳለም ሲገባ እናት ከልጆቹ ጋር ውጭ ስለምትቀር ጥላውን ቀድሞ መምረጥ ነው። ጀልባ ላይ በልጁ ልክ የሆነ የደኅንነት ጃኬት ከሌለ አትውጡ፤ የአዋቂው ጃኬት ልጁ ውሃ ሲገባ በራሱ ላይ ሾልኮ ይወጣል። ውሃው ውስጥ እግር ማስነከርም አይመከርም። ቢልሃርዚያ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፣ ባለመጠጣት ብቻ አይዳንም።

ዓሣውን ሲበሉ ለልጁ የሚሰጠው ከጀርባው ወፍራም ሥጋ ነው፤ የሆዱ በኩል ቀጫጭን አጥንት ይበዛበታል። ቁራሹን በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሃል አድርጋችሁ ጨፍልቁት፣ አንዴ ወደ ርዝመቱ አንዴ ወደ ጎኑ። ዓይን ያላየውን አጥንት ጣት ያገኘዋል። ከዚያ በተጨፈለቀው ላይ እንጀራ ጠቅልላችሁ አጉርሱ።

ምግብና ውሃ

ከ6 ወር በታች ላለው ሕፃን ሙቀት ቢሆንም ውሃ አይሰጥም፤ ጡቱን ደጋግሞ መስጠት ነው። ለሌሎቹ የሚጠጣው ይፈላ። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ መንቀልቀል ከጀመረ በኋላ 3 ደቂቃ ተዉት፤ ከ2000 ሜትር በታች ባለችው ኮምቦልቻ 1 ደቂቃ ይበቃል። የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ሳይላጥ የተያዘ የተቀቀለ እንቁላል መንገድ ይችላሉ። ወጥና ገንፎ ከ2 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ፣ ለልጅ አይሰጥ። ማር ዓመት ላልሞላው አይሆንም።

ቆሎ፣ ለውዝና ፈንዲሻ ከ4 ዓመት በታች ላሉት ክልክል ናቸው፤ መኪና ላይ ለትልልቆቹም። የጎን ተሳፋሪ በደግነት እፍኝ ይዘረጋል፣ ልጁም እጁን ይዘረጋል፤ «ጥርሱን አሞታል» ብሎ መመለስ ቅያሜ አያመጣም። ሊስም ለሚያጎነብስም «ጉንፋን አለበት» ይሠራል። ልጅ ታንቆ ድምፅ ካጣ፣ ዓመት ያልሞላውን ክንዳችሁ ላይ በሆዱ አስተኝታችሁ ራሱን ዝቅ አድርጋችሁ በትከሻዎቹ መሃል 5 ጊዜ ምቱት፤ ካልወጣ ገልብጣችሁ የደረቱን መሃል በሁለት ጣት 5 ጊዜ ተጫኑ። ዓመት ያለፈውን ጀርባውን 5 ጊዜ መትታችሁ ካልወጣ፣ ከኋላው ሆናችሁ ከእምብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ጫኑ። እስኪወጣ እየደጋገማችሁ ሰው ጥሩ። የማታዩትን ነገር በጣት አትፈልጉ፣ ወደ ውስጥ ይገፋል።

ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ቢዘገይ ቢዘገይ 11 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ውለው ከተመለሱ ከሳምንት በኋላ፣ ወር ቢያልፍም እንኳ፣ ልጁን ትኩሳት ከያዘው በዕለቱ ጤና ጣቢያ ውሰዱትና የት ውሎ እንደነበር ሳትጠየቁ ተናገሩ፤ የደሴ ልጅ ነው ተብሎ የወባ ምርመራው እንዳይታለፍ።