የዱር እንስሳት የመጥፋት አደጋ ደረጃ እንዴት እንደሚወሰን

አንድ የዱር እንስሳ ዝርያ አደጋ ላይ ነው ወይም ጠፍቷል የሚባለው በግምት ሳይሆን በተደነገገ አሠራር ነው። በስፋት የሚሠራበት ሥርዓት፣ እ.ኤ.አ. በ1948 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ1964 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ቀይ መዝገብ ነው።

በመጀመሪያ የሚመዘነው ዝርያ ከቅርብ ዘመዶቹ ተለይቶ ይታወቃል፤ የሚኖርበት አካባቢም በካርታ ላይ ይሰፍራል። ቀጥሎ ቆጠራ ይካሄዳል። በዚህ ጊዜ ከስሌቱ የሚገቡት መራባት የሚችሉ አዋቂዎች ብቻ ናቸው፤ ዝርያውን ወደሚቀጥለው ትውልድ የሚያሻግሩት እነርሱ ናቸውና።

ሦስተኛው ሥራ የማሽቆልቆሉን ፍጥነት መለካት ነው፤ በእኔ አመለካከት የምዘናው ልብ ይህ ነው። ቅናሹ የሚሰላው በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ከሁለቱ የሚረዝመው ይወሰዳል። ስለዚህ የአንድ ትውልድ ርዝመቱ 20 ዓመት ለሆነ እንስሳ የ60 ዓመት ታሪክ መመርመር ያስፈልጋል። የመቀነሱ ምክንያት ያልተወገደ ከሆነ፣ ቢያንስ 30 በመቶ የቀነሰው «ተጋላጭ»፣ 50 በመቶ የቀነሰው «አደጋ ላይ ያለ»፣ 80 በመቶና ከዚያ በላይ የቀነሰው ደግሞ «እጅግ አደጋ ላይ ያለ» ይባላል። ሳይጋ የተባለው የመካከለኛው እስያ አንቴሎፕ በ2002 ከመጨረሻው ደረጃ ላይ የተመደበው ገና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እያለ ነው፤ ምክንያቱም ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ አንድ ሚሊዮን ይጠጋ ነበር።

ከፍጥነቱ ሌላ አራት መመዘኛዎች አሉ፤ እነርሱም የመኖሪያው ስፋት መጥበብ፣ አነስተኛ ሆኖ እየቀነሰ የሚሄድ ቁጥር፣ እጅግ ጥቂት ሆኖ መገኘት፣ እንዲሁም በሒሳብ የተሰላ የመጥፋት ዕድል ናቸው። ለምሳሌ አዋቂዎቹ ከ50 በታች የሆኑ ዝርያ ባይቀንስም እንኳ እጅግ አደጋ ላይ ነው። ዝርያው አንዱን ብቻ ቢያሟላ ይበቃዋል፤ ውጤቶቹ ከተለያዩም ከባዱ ይጸናል። መረጃ የጎደለው ዝርያ ለብቻው ይመዘገባል፤ ይህ ግን ከአደጋ ነጻ ነው ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ሊያስተውል ይገባል።

ጠፍቷል ለማለት የሚጠየቀው ማስረጃ ከሁሉም ይከብዳል። ዝርያው ይኖርበት በነበረው አካባቢ ሁሉ፣ ሊታይ በሚችልበት ሰዓትና ወቅት፣ ከዕድሜው ርዝመት ጋር በተመጣጠነ ጊዜ ተፈልጎ የመጨረሻው እንስሳ መሞቱ የማያጠራጥር መሆን አለበት። ታይላሲን የተባለው፣ ግልገሉን በኪሱ የሚያሳድግ ሥጋ በል እንስሳ የመጨረሻው የታወቀው በአውስትራሊያዋ ደሴት በታዝማኒያ፣ ሆባርት ከተማ የሞተው በ1936 ቢሆንም፣ ኅብረቱ መጥፋቱን ያወጀው በ1982 ነው። ባይጂ የተባለው የያንግትዜ ወንዝ ዶልፊንም በ2006 በተደረገ ሰፊ አሰሳ አንድም ሳይታይ ቢቀር፣ በመዝገቡ የቆየው «እጅግ አደጋ ላይ ያለ፣ ምናልባትም የጠፋ» ተብሎ ነው። ይህ መዘግየት ተገቢ ነው፤ በሕይወት ያለ እንስሳ ጠፍቷል ከተባለ ፍለጋውም ጥበቃውም ይቋረጣልና።

በሰው እጅ ብቻ የቀረ ዝርያ «በዱር የጠፋ» ይባላል። ደረጃው ግን በየጊዜው ይከለሳል፦ ቀንዱ እንደ ጎራዴ የቆለመመው የሰሜን አፍሪካ ሳላ በ2000 በዱር ጠፍቷል ከተባለ በኋላ፣ ከ2016 ጀምሮ በቻድ ዳግም ተለቅቆ መዋለድ በመቻሉ በ2023 «አደጋ ላይ ያለ» ወደሚለው ደረጃ ተሻሽሏል።